የጾም ጣትና የፋሲካ ጣት

ወፍራም ሆኜ ነው የተወለድኩት። እናቴ እንደምትለው ከሆነ፣ አዋላጇ ገና እንዳየችኝ «ይሄ የአንድ ሰው አይደለም፤ መንታው የት አለ?» ብላ እስከ እኩለ ቀን ጠብቃለች። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። በጎልማሳነቴ እጄን የጨበጠ ሰው የበግ ላት የያዘ ይመስለው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። ትዳሬ በሙሉ በአንድ ጣቴ ውፍረት ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ስለነበረ ነው።

ዘመኑ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ የተቀመጠበት ነው። ቀን መንገዱ የእሱ፣ ሲመሽ ዱሩ የአርበኞቹ፤ እኛ በመካከል እናርሳለን፣ እንድራለን፣ እንቀብራለን። ጦርነት ነው ተብሎ ማግባት አይቀር፤ እኔም ከይጁቤ ወዲያ ካለ አንድ ሰፈር አንዲት ልጅ ወደድኩ። የወደድኳት በቀልዴ ስላልሳቀች ነው። በዚያ አገር በእኔ ጨዋታ የማይስቅ አልነበረም፤ ለቀስተኛ አስቄ ሁለት ጊዜ ከለቅሶ ቤት ተባርሬአለሁ። እሷ ግን አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ትልቁን፣ በሬ የሚጥለውን ቀልዴን አውርቼላት እስከ መጨረሻው ሰማችና «ከዚያስ?» አለችኝ። ከዚያማ እንቅልፍ አጣሁ።

ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ በሕይወት የሉም፤ ነገሩ ሁሉ በእናቷ እጅ ነው። እናቷ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አራሽ ይዘው፣ በሬ አድልበው እየሸጡ ቤታቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው። ጾም ላይ ቀልድ አያውቁም። በጾም ቀን ወተት ስታልብ እጇን የላሰች ሠራተኛ ንስሐ ሳትገባ ደጃቸውን አትረግጥም ይባል ነበር። ልጅቱን የጠየቅሁ ደግሞ እኔ ብቻ አልነበርኩም። ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ካለው ኬላ ለጣሊያን የሚያስተረጉም፣ ቢስክሌት ያለው ሰው ከእኔ በፊት ሽማግሌ ልኮ መልስ ይጠብቃል። ሰውየው አርባ የጣሊያንኛ ቃል ያውቃል፤ ከአርባው ሃያ አምስቱ ስድብ ነው።

እንደ እግዜር ፈቃድ እኔ ተመረጥኩ። ነገር ግን በጥር ወር ለቃል ማሰሪያው እንደተሰበሰብን፣ እመይቴ፣ እናቷ ማለት ነው፣ ከሣጥናቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈታ ቀይ ፈርጥ ያለበት የብር ቀለበት ነው።

«ይህ የባሌ ነው» አሉ። «በተክሊሉ ዕለት ቄሱ ይህን ነው የሚያደርጉለት። ይህ የገባለት ልጄ ነው። ያልገባለት እንግዳ ነው፤ በልቶ ጠጥቶ ይሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ቀለበቱን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ ቀጥሎ መሬት መሬት አዩ። ሟቹ እንደ እንዝርት እንጨት የቀጠኑ ሰው ነበሩ። ሞከርኩት። ጥፍሬን አልፎ እንደ መነኩሴ ቆብ ከጫፉ ላይ ቁጭ አለ።

አንዱ ሽማግሌ ቶሎ ብለው «ብር አይደለም እንዴ! ይሰፋል» አሉ።

«ይስፋ» አሉ እመይቴ። «ቀለበቱ ቢጠፋ ወይ ፈርጡ ቢነቃ ግን ልጅም የለች።»

ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቀጠረ፤ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ እሁድ ማለት ነው።

ቀለበት ለማስፋት ብር ያስፈልጋል። ብር ማለት ደግሞ በዚያ ጊዜ ጠገራ ነው፤ አንጥረኛ ከጠገራ ቆርጦ ነው የሚቀጥለው። ጣሊያን ግን ጠገራ ይዞ የተገኘውን ሁሉ ያን ይነጥቅና የሊሬ ወረቀቱን ያስታቅፋል፤ ደስ ካላለውም ያስራል። እናቴ ከምድጃው ሥር የቀበረቻት አንዲት ጠገራ ነበረቻት። እሷን እስክታወጣልኝ ስለምናት ጥር አለፈ፣ ሁዳዴ ገባ፣ ሁዳዴ ሊወጣ ደረሰ። የዘንድሮ ሰው ስለ ጾም ሲያወራ እስቃለሁ። እኔ ያን ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይነካኝ ስውል፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጥላዬ ከእኔ ይወፍር ነበር። ሱሪዬን በገመድ ሳስር ገመዱ ሁለት ዙር ዞሮ ለአህያም ይተርፋል።

በሕማማት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጠገራዋን ይዤ፣ ቀለበቱንም ከማተቤ ጋር በአንገቴ አስሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ወጣሁ። ኬላው ጋ ስቃረብ የሰው ነጠላ እያስፈቱ ይፈትሻሉ። ኪስ የለኝ፣ መመለሻ የለኝ። ጠገራ የሚያህል ነገር የሚደበቅበት አንድ ሰፊ ቦታ ብቻ ነበረኝ። አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ከፊቴ የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ አስተርጓሚ!

ፈተሸኝ። ከማተቤና ከቀለበቱ በቀር ምንም አጣ። ቀና ብሎ ጉንጬን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«አንተ! በሕማማት፣ በጠዋት ታላምጣለህ?»

እንግዲህ ይህን የጎጃም ሰው ይረዳኛል። ሰውየው ለጣሊያን አድሯል፤ አገሩን በአርባ ቃል ሸጧል። በሕማማት ጠዋት የሚያላምጥ ክርስቲያን ሲያይ ግን ደሙ ፈላ። ኮንትሮባንድ በአሳቡም አልመጣ። ራሴን ነቀነቅሁ።

«አፍህ ሞልቶ መናገር አቅቶሃል! የእመይቴን ልጅ የሚያገባው ጾመኛ ይኸው ነው?»

ጩኸቱን ሰምቶ ካፒቴኑ ወጣ። አስተርጓሚው እኔን እያሳየ ይበላል፣ ይበላል አለው። ፈረንጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ቢበላስ? አስተርጓሚው ሰማይ አሳየው፣ ቤተ ክርስቲያን አሳየው፣ በመጨረሻ ነገሩን ሊያስረዳ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ያዘ። ካፒቴኑ አሁን ገባው መሰለኝ፤ አዘነልኝና ከኪሱ ጋሌጣ የሚሉትን ደረቅ የወታደር ብስኩት አውጥቶ ሰጠኝ።

አስተርጓሚው ሊሞት ደረሰ። ፈረንጁ ሲገባለት ጠብቆ «አርባ አንድ ስገድ!» አለኝ። ሰገድኩ። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ጠገራዋ ክራንቻዬን ትነካለች። ሠላሳ አራት ላይ ቁጥር ተሳሳተና ከአንድ አስጀመረኝ። ስነሳ ከአፌ የሚወጣው ምራቅ የአባይን ወንዝ ያህል ባይሆን የጨሞጋን ያህላል።

ኬላውን አልፌ ጋሌጣውን ለአንድ የመንገድ ውሻ ወረወርኩለት። ውሻው አሸተተው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ሄደ። በዚያ ሳምንት የጎጃም ውሻም አይቀምስም ነበር።

አንጥረኛው ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ወናፋቸውን አቅፈው የሚውሉ ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው። ጾሙ የእኛ እንጂ የእሳቸው አይደለምና በሕማማትም እሳታቸው አይጠፋም። ጠገራዋን ከአፌ አውጥቼ፣ በነጠላዬ ጠርጌ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩ።

«ይህን ውሻ ነክሶታል?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እህ። ጾሙ ጠንቶብሃል ማለት ነው።»

መጀመሪያ በስል ብረት ፈርጡን የያዘውን የብር ከንፈር ዙሪያውን ቀና ቀና አድርገው ድንጋዩን አወጡ። «ብር እሳት ይወዳል፤ ፈርጥ ግን ይነቃል» ብለው ጥጥ ባነጠፉበት ሲኒ ውስጥ አስተኙት። ነፍሴ ከፈርጡ ጋር ሲኒው ውስጥ ገባች። ቀጥለው ቀለበቱን በጀርባው በኩል ቆረጡትና በክር ጣቴን ሊለኩ እጄን ያዙ። ያዙና ቆም አሉ።

«የትኛውን ጣትህን ነው የምለካልህ?»

«የቀለበት ጣቴን ነዋ!»

«እሱንማ አያለሁ። የጾም ጣትህን ነው የፋሲካ ጣትህን? እናንተ እኮ በዓመት ሁለት ሁለት ሰው ናችሁ። ስንቱ ሙሽራ በጾም መጥቶ አስለክቶ፣ በፋሲካ ማግሥት ቁረጡልኝ እያለ አልቅሶብኛል። የገብስ ቅንጣት ታህል ልጨምርልህ።»

እኔ ግን የዚያን ሰሞን በቅጥነቴ ኮርቼ ነበር። በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቴን ቁሜ ያየሁበት ወቅት ነው። «አባባ፣ ያ ወፍራም ሰው ሞቷል» አልኳቸው። «ከእንግዲህ ይኸው ነኝ። ቢሰፋብኝና ተክሊሉ ላይ ቢወድቅስ?»

«መቼም እኔ የምለካው ያመጣኸውን ጣት ነው» አሉና ወናፉን ጨመቁ።

ከጠገራዋ ቀጭን ቁራጭ ወስደው በተከፈተው ቦታ አስገቡ፤ በየዱት፤ በመቀጥቀጫው ብረት፣ በመስፉ ላይ፣ በትንሽ መዶሻ ቀጠቀጡት፤ በሎሚና በአመድ አሹት። መጋጠሚያውን እኔ በዓይኔ እየፈለግሁ አጣሁት። ፈርጡን መልሰው ከንፈሩን ሲጫኑበት ትንፋሼን ከያዝኩ አሁን ድረስ ያልለቀቅሁት ይመስለኛል። አልነቃም። በጣቴ ላይ ሲያጠልቁት ሸርተት ብሎ ገባ፤ እንዲያውም ትንሽ ይዞራል። ያለ ተክሊል ማድረግ ደንብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን በዚያ መንገድ ላይ ከጣት የተሻለ የት ይጠበቃል? አድርጌው፣ በኬላው ሳይሆን በገደሉ ዞሬ ተመለስኩ። ቤቴም ደርሼ አላወለቅሁትም፤ እንዳይጠፋ።

ፋሲካ መጣ። ስለ በላሁት ነገር በዝርዝር አልጽፍም፤ ያላመነኝ አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ብቻ ዶሮ ሲጮህ ጀመርኩ፤ የጮኸውንም ዶሮ በላሁት። እሑድን በዶሮ፣ ሰኞን በበግ፣ ማክሰኞን ከቅርጫ በደረሰኝ ሥጋ፣ ረቡዕን በተረፈው። ቅቤው ከላይ፣ ጠላው ከታች። ያ ሞተ ያልኩት ወፍራም ሰው ከነቤተሰቡ ተነሣ። ረቡዕ ማታ እጄን ስታጠብ ቀለበቱ የለም። ደነገጥኩ። ለካ አለ፤ ሥጋዬ ውጦት ፈርጡ ብቻ ከጉድጓድ እንደሚያይ ዓይን ቀይ ሆኖ ያየኛል።

በማግሥቱ ሐሙስ እመይቴ ይፈልጉሃል ተባልኩ። የበዓል በግ እየጎተትኩ፣ ስለ ሠርጉ ድግስ ልንነጋገር ነው ብዬ ሄድኩ። ጎተራው አጠገብ ስደርስ ቢስክሌት ተደግፏል።

ከውስጥ አስተርጓሚው መደብ ላይ ተቀምጧል። እመይቴ በጉን አላዩትም።

«በሕማማት ማክሰኞ ጠዋት ምን በላህ?» አሉኝ።

«ምንም አልበላሁም እመይቴ።»

«ጉንጩ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት!» አለ አስተርጓሚው የራሱን ጉንጭ ነፍቶ። «ካፒቴኑ እንኳ አዝኖ ጋሌጣ ጨመረለት። በመስቀል ስም! ተቀብሎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጋሌጣ ተቀብለሃል?»

«ተቀብያለሁ፤ ግን ለውሻ…»

«ባፍህስ ምን ነበር?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ጠገራ ነው ብል ሰውየው በዚያው ዕለት ኬላ ላይ ይናገራል፤ እኔም እታሰራለሁ፣ እኒያ አንጥረኛም ወናፋቸው ይቀደዳል። ዝም ብል ልጅቱ ሄደች። በሕይወቴ ሙሉ አፌ ያለ ሥራ የቆመው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አልናገርም እመይቴ» አልኩ።

እመይቴ እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው የባሌን ቀለበት።»

ሰጠሁ ልበል? ሳብኩ። አይመጣም። ምራቄን ቀባሁ፣ ሳብኩ። አይመጣም። «አልሰጥም ማለት ነው?» አሉና ራሳቸው ያዙት። በሬ በአፍንጫው የሚይዝ እጅ ነው፤ ትከሻዬ ጮኸ። «ቅቤ!» አሉ ወደ ጓዳ። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት እጅ የቅቤ ቅል ይዛ ወጣች። ያቺ እጅ የማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ባዝንም አየኋት። ጣቴን ቀብተው እመይቴ ወደ ፊት ይስባሉ፤ አስተርጓሚው፣ ወድዶኝ አይደለም፣ ወገቤን አቅፎ ወደ ኋላ ይስባል። እኔ በመካከላቸው እንደ ጠፍር ተወጠርኩ።

«እማዬ!» አለች ልጅቱ ከመጋረጃው ጀርባ። «ቀለበቱን ነው ያልሽው፤ ጣቱን ቆርጠሽ እንዳትወስጂው!»

እመይቴ ለቀቁኝ። እኔና አስተርጓሚው ተያይዘን ከግድግዳው ጋር ተላተምን። እሳቸው ግን አላዩንም። እጄን መልሰው አነሱና ጣቴን ገበያ ላይ በሬ እንደሚያዩት አገላብጠው፣ ተጫን ተጫን አድርገው ያዩት ጀመር።

«ይህ ቀለበት መቼ ገባልህ?»

«በሕማማት ማክሰኞ። ሸርተት ብሎ ነው የገባ። እንዲያውም ይዞር ነበር።»

«ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው።» ለራሳቸው ያወራሉ። «ሠላሳ ዓመት በሬ አደለብኩ። በዘጠኝ ቀን እንዲህ የሚያብጥ ከብት አንድ ብቻ ነው፤ ጎኑ ከጎኑ እስኪጣበቅ የተራበ። ሲግጥ የከረመማ ቢያበሉት የት ያደርገዋል?»

አስተርጓሚው አቧራውን እያራገፈ «አንጥረኛው አጥብቦት ይሆናላ!» አለ።

እመይቴ ወደ እጁ አዩ። ቢጫ፣ ያብለጨለጨ ቀለበት አለው።

«ያንተስ መቼ ነው የተደረገ?»

«ከገና በፊት ነው እመይቴ። ካፒቴኑ ነው የሸለመኝ።»

«በሁዳዴ ላላብህ?»

«ኧረ በጭራሽ! የፈረንጅ ሥራ እኮ ነው!»

«አሁን በፋሲካስ? ጠበቀህ?»

«ምን ያጠብቀዋል? ይኸው!» አወለቀው። መለሰው። ደግሞ አወለቀው። ፊቱ በኩራት በርቷል። «ገና ሆነ፣ ጾም ሆነ፣ ፋሲካ ሆነ፣ ልኩ ልክ ነው!»

ይህን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። ያቺ በቀልዴ የማትስቅ ልጅ በእሱ ጣት ሳቀች። ደስም አለኝ፣ ቀናሁም።

«አምሳ አምስት ቀን የጾመ ጣትና ሳምንት ሙሉ የፈሰከ ጣት ልኩ አንድ ነው?» አሉ እመይቴ በዝግታ። «እንግዲያ የበላው ማነው?»

አስተርጓሚው እጁን ከኋላው ደበቀ። «እና… እና በአፉ ውስጥ የነበረውስ?»

«ምላሱ ነዋ! የእሱ ምላስ ትልቅ እንደሆነ ያልሰማህ አንተ ብቻ ነህ። በል፣ ቢስክሌትህን ይዘህልኝ ሂድ፤ በሬዎቼ ይደነግጣሉ።»

ሲወጣ የቢስክሌቱ ደወል ብቻዋን ጮኸች። እኔ ዳንኩ ብዬ ልቀመጥ ስል እመይቴ ጣታቸውን አነሱብኝ።

«የት ትቀመጣለህ? ቀለበቱን ቄሱ ሲያደርጉልህ ማየት እፈልጋለሁ። ከጣትህ ያልወጣውን እንዴት ያደርጉልሃል? እስከ እሑድ ቆሎና ውሃ!»

«እመይቴ፣ በዓለ ሃምሳ እኮ ነው! ጾም አይፈቀድም!»

«ማን ጾም አለህ? ልክህን ማስተካከል ነው።»

«በጉስ?»

«በጉን እኛ አለን።»

በሕማማት በልተሃል ተብዬ ተከሰስኩ፤ አገር ሁሉ በሚፈስክበት በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ቆሎ ተፈረደብኝ። ከእኔ በቀር እንዲህ ያለ ክርስቲያን በአራቱ ጉባኤ መጻሕፍት ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ያለ ሐሰት፣ ዓርብ ማታ የጎረቤት ወጥ ሽታ በግድግዳው ገብቶ ራሴን ዳበሰኝ። ቅዳሜ ቀለበቱ ተነቃነቀ። እሑድ ጠዋት በሳሙና ወጣ፤ ከቆዳዬም ጥቂት ይዞ ሄደ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ካባ ለብሼ፣ ሙሽራዬ ከጎኔ ቆማ፣ ቄሱ ቀለበቱን ባረኩና ጣቴ ላይ አደረጉት። ገባ፤ ገባ፤ አንጓው ላይ ቆመ። እመይቴ ከሴቶቹ መካከል አንገታቸውን አሰገጉ። ሚዜዬ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ በሆዴ ያለውን አየር ሁሉ አወጣሁ፤ ከጣቴ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላውቅም፤ አወጣሁት። ቄሱም ጽሕማቸውን ወደ ጎን ብለው በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ሸርተት ብሎ አለፈ። የቄሱን አፍ ሳይጠብቁ እልል ያሉት እመይቴ ናቸው።

ዳሱ ውስጥ ስንቀመጥ ጠረጴዛው ሲሞላ ዓይኔ ፈዝዞ አንዱን ድስት ሁለት አየሁት፤ ሁለቱንም ልበላ ቆረጥኩ። ግን እፈራለሁ። ፍርዱ እስከ እሑድ ነው የተባለው፤ እሑድ ደግሞ ገና አላለቀም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ እመይቴ አየሁ። አማት ሙሽራ ፊት መቆም ነውር በሆነበት አገር፣ እሳቸው የሰዉን መካከል ሰንጥቀው መጡ። በቅቤ የራሰ፣ የቡጢ ያህል ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ላይ ደቀኑ።

«ብላ!» አሉኝ። «ልጄ፣ እንግዲህ እንዳይወልቅ አድርገህ ብላ!»